ናሙናው ለሁለት ይከፈል

ከኦፕራሲዮን የወጣ ናሙና ወዴት እንደሚሄድ ሕመምተኛው አያይም። ቤተሰቡ ግን ብዙ ጊዜ ያውቃል፤ ፓቶሎጂ በሌለበት ሆስፒታል ጠርሙሱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ትልቁ ከተማ የሚያደርሰው እሱ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ፎርማሊን ይባላል። ሥጋው እንዳይበሰብስ ይጠብቀዋል፣ ለማይክሮስኮፕም ያመቻቸዋል፤ በውስጡ ያለውን ተህዋሲ ግን ሁሉንም ይገድላል። የሞተ ባክቴሪያ ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ አይበቅልም። ስለዚህ ቲቢ የጠረጠረ ቀዶ ሐኪም የወሰደውን ቁራጭ ለሁለት ይከፍላል፤ ግማሹን ፎርማሊን ውስጥ፣ ግማሹን ንጹሕ ሳላይን ውስጥ ያስቀምጣል። ለኢንተርኖችና ለሬዚደንቶች ይህን ደጋግሜ ስለምናገር ገና አፌን ስከፍት መሳቅ ይጀምራሉ። ይሳቁ። ዋናው ነገር ጠርሙሶቹ ሁለት መሆናቸው ነው።

በአገራችን የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ እንደ ቲቢ መልኩን የሚለዋውጥ በሽታ አላውቅም። ቲቢ ሲባል ሰው የሚያስበው ሳል፣ የሌሊት ላብና የሳንባ ራጅ ነው። በኢትዮጵያ ግን ቲቢ ከሚገኝባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ በሽታው ያለባቸው ከሳንባ ውጭ ነው፤ በአንገት ዕጢ፣ በሆድ ዕቃ፣ በአከርካሪ፣ በመገጣጠሚያ፣ አልፎ አልፎም በጡት ላይ። እነዚህ ሕመምተኞች ወደ ቲቢ ክሊኒክ አይሄዱም፤ ምን ወሰዳቸው? የሚመጡት “ዕጢው ይውጣልኝ”፣ “እባጩ ይቀደድልኝ” እያሉ ወደ እኛ ነው። እኛም የሠለጠንነው ለማውጣትና ለመቅደድ ስለሆነ እጃችን ይፈጥናል።

ከአንገት ልጀምር። ከጆሮ ሥር እስከ ማጅራት የተደረደረ ዕጢ ይዛ የምትመጣ ወጣት ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ታሪክ አብሯት አለ። አንዱ በጋለ ብረት የተተኮሰው ጠባሳ ነው። ሌላው የአሞክሳሲሊን ማዘዣ ነው፤ ከክሊኒክ ክሊኒክ እየተደጋገመ የተጻፈ። ዕጢው አያማትም፣ አያተኩሳትም፣ ስለዚህ ወራት ያልፋሉ። በቀጭን መርፌ ሲቀዳ ግን አይብ የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣል። ያ ነገር ወደ ጂን ኤክስፐርት መሣሪያ ቢገባ በሁለት ሰዓት ገደማ መልስ ይሰጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የተቀበለው ይህ ምርመራ የቲቢውን ዘረ መል ብቻ ሳይሆን ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት መቋቋም አለመቋቋሙንም ይናገራል። የሚገርመኝ መሣሪያው ያለበት ሆስፒታል እንኳ “የአክታ መሣሪያ” ብሎ ስለሚያስበው ከአንገት የተቀዳ መግል ሳይላክለት መቅረቱ ነው።

የቲቢ ባክቴሪያ ዘገምተኛ ነው። የተለመዱት የአንጀት ባክቴሪያዎች በሃያ ደቂቃ ገደማ አንዱ ሁለት ሲሆን፣ እሱ ለዚያው ሥራ ሃያ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በላቦራቶሪ ለማብቀል ሳምንታት የሚወስደውም፣ ሕመሙ ቀስ ብሎ የሚገባውም፣ መድኃኒቱ ወራት የሚጠይቀውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ እምነት ላንሳ። የአንገት ዕጢ ቲቢ ካልፈላ ወተት ይመጣል ተብለን ተምረናል፤ ገበሬውም እንዲሁ ይላል። ከብት ውስጥ የሚኖረው የቲቢ ዓይነት በወተት መተላለፉ እውነት ነው። ሆኖም በኢትዮጵያ ከአንገት ዕጢ የተወሰዱ ናሙናዎች በዘረ መል ሲመረመሩ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ዓይነት ሆነው ተገኙ፤ የከብቱ በጣት የሚቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት በተለይ በወልድያ አካባቢ ሕመምተኞች ላይ በሌላው ዓለም እምብዛም የማይታይ፣ ሰባተኛው ተብሎ የተመደበ የቲቢ ዘር መኖሩንም አሳይቷል። ወተቱ ይፈላ፤ ብሩሴላ የሚባል ሌላ ጣጣ አለውና። ግን የአንገቷን ዕጢ ምንጭ ስንፈልግ ከላሟ በፊት ቤት ውስጥ የሚያስለውን ሰው እንጠይቅ።

መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ዕጢው ይብስ ሊያብጥ፣ አዲስም ሊወጣ፣ ሊፈነዳም ይችላል። ሰውነት ለሞተው ባክቴሪያ የሚሰጠው ምላሽ እንጂ መድኃኒቱ ስለከሸፈ አይደለም። ሕመምተኛዋ ግን “አባባሰብኝ” ብላ ታቋርጣለች። ከእሷ የከፋው ይህን የማያውቅ ሐኪም ነው፤ ምላጭ አንሥቶ ይቀደዋል፣ ቁስሉም ወራት ሙሉ ሳይደርቅ እያዠ ይኖራል። መግሉ ከበዛ በደኅናው ቆዳ በኩል በመርፌ መቅዳት ይበቃል።

ሆድ ግን ከሁሉም የሚከብድ ነው። አንድ ታሪክ፣ የሕመምተኛዋን ማንነት ሊገልጥ የሚችለውን ለውጬ፣ ልናገር። ሆዳቸው በውሃ የተወጠረ፣ ክንዳቸው የመነመነ እናት ከገጠር መጡ። ልጃቸው እሳቸውን ውጭ አስቀምጦ ለብቻው ገባና ወረቀት ዘረጋልኝ። አልትራሳውንዱ ሆድ ውስጥ ውሃ፣ የወፈረ ሞራ፣ በማሕፀን አካባቢ እብጠት ይላል። የደም ምርመራው ላይ ሲኤ 125 የሚባለው ቁጥር ከልክ በላይ አልፏል። “ካንሰር ነው ተብለናል ዶክተር፤ እሷ አታውቅም፣ እንዳትነግራት” አለኝ። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ወደ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው እየተሰናዳ ነበር።

ያ የደም ምርመራ በማሕፀን ዘር ፍሬ ካንሰር ከፍ ይላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የሆድ ዕቃን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን የሚያስቆጣ ነገር ሁሉ ከፍ ያደርገዋል፤ ቲቢም እንዲሁ። የተወጠረ ሆድ፣ የወፈረ ሞራና ከፍ ያለ ቁጥር አንድ ላይ ሲገኙ ወረቀቱ ካንሰር ይመስላል። ከሆድ የተቀዳ ውሃም ብዙ አይረዳም፤ ባክቴሪያው በውሃው ውስጥ በጣም ጥቂት ስለሆነ ጂን ኤክስፐርት “የለም” ቢል አይታመንም። የሚታመነው ሥጋው ነው።

ስለዚህ ትንሽ ከፈትን። በካሜራ ቢሆን ይመረጥ ነበር፤ የዚያን ቀን አልነበረም። ውስጡ በጥቃቅን ነጫጭ ፍሬዎች ተሸፍኗል፣ ሞራው ጠጥሯል፣ አንጀቱ እርስ በርሱ ተጣብቋል። በዚህ ቅጽበት ያለውን ፈተና ከእኛ ሙያ ውጭ ያለ ሰው ይረዳው እንደሆነ አላውቅም። የተሰራጨ ካንሰርም ልክ እንዲህ ነው የሚመስለው። ባደጉት አገሮች ቁራጩ እዚያው በበረዶ ደርቆ በደቂቃዎች ይነበባል፤ በእኛ ዘንድ ይህ በጥቂት ቦታ እንጂ አይገኝም። ዓይን ብቻውን አይለይም። ከፊትህ የተከፈተ ሆድ አለ፣ ማደንዘዣው እየሠራ ነው፣ እጅህም ሥራ ይፈልጋል፤ የተጣበቀውን ላላቅቅ፣ ያበጠውን ላውጣ ይልሃል። በቲቢ የተጣበቀ አንጀት ግን ሲላቀቅ ይቀደዳል፤ የተቀደደውም ሲሰፋ አይይዝም፤ ከዚያ በኋላ ዓይነ ምድር በቁስሉ የሚወጣበት ሕመምተኛ ይዘህ ወራት ትሰነብታለህ። ከሞራውና ከሽፋኑ ቁራጮች ወስደን፣ ውሃውን አፍስሰን፣ ዘጋን። ሬዚደንቱ “በቃ?” አለ። በቃ።

የፓቶሎጂ መልስ ሲመጣ የቲቢ ምልክት የሆነው የሕዋስ ክምችት ተገኘ፤ ካንሰር የለም። ለልጁ ስነግረው ደስታው ከጠበቅሁት አጠረ። ዝም ብሎ ቆየና “ታዲያ አብረን እንዴት እንብላ?” አለኝ። ለካንሰር በሬ ሊሸጥ የተነሣ ሰው ለቲቢ ትሪ ሊለይ አሰበ። የሳንባ ራጃቸው ንጹሕ መሆኑን፣ ሆድ ውስጥ ያለ ቲቢ በትሪም በትንፋሽም እንደማይተላለፍ አስረዳሁት። የቤተሰቡ ምርመራ የሚያስፈልገው እሳቸውን የያዛቸው ከአንድ ሰው ስለሆነ ነው፤ ያ ሰው ምናልባት አሁንም እዚያው ቤት እያሳለ ሊሆን ይችላል። የኤችአይቪ ምርመራም ለማንኛውም የቲቢ ሕመምተኛ እንደሚደረገው ተደረገላቸው።

ለእናትየው እኔው ነገርኳቸው። “እማማ፣ በሽታው መድኃኒት አለው፤ ስድስት ወር ነው፤ ሽንትዎ ብርቱካንማ ይሆናል፣ አይደንግጡ” አልኳቸው። ያስጨነቃቸው የጾሙ ነገር ነበር። ክኒኑን ማለዳ በባዶ ሆድ መዋጥ እንደሚቻል ስነግራቸው ተስማማን፤ ቀሪውን ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲጨርሱ ተውኩት። ሆዳቸው የጎደለው ሁለተኛው ወር ሳይሞላ ነው።

ይህ ማለት በሆድ ቲቢ ቢላዋ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። አንጀት ሲዘጋ፣ ሲበሳ፣ ከዳነም በኋላ ጠባሳው አጥብቦት ምግብ አላሳልፍ ሲል ሥራው የእኛ ነው። በቀኝ ታችኛው ሆድ ላይ የሚዳሰስ እብጠት ትርፍ አንጀት፣ አሜባ፣ ካንሰር ወይም ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ እዚያም ቁራጭ ሳይወሰድ ግማሽ አንጀት መቁረጥን እቃወማለሁ፤ ጊዜ የማይሰጥ ሁኔታ ካልሆነ በቀር።

አከርካሪው ላይ ያለው ታሪክ ረጅም ነው። የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 የጎበጠ አከርካሪንና የሰለሉ እግሮችን አያይዞ ጽፏል፤ በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን ያሳወቀው ከዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1882 ነው። በእኛ ክፍል ይህ በሽታ አንዳንዴ በብሽሽት በኩል ብቅ ይላል። መግሉ ከአከርካሪው ጎን ያለውን ጡንቻ ተከትሎ ወርዶ ብሽሽት ላይ ያብጣል፤ ቡአ ነው ተብሎ ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ይያዝለታል። ጀርባውን ወጌሻ ሲያሸው የከረመ የቀን ሠራተኛ ስለ ብሽሽቱ እንጂ ስለ ጀርባው አያወራም። ቡአ የመሰለን እባጭ ሁሉ ይዞ የመጣን ሰው ልብሱን አስወልቆ ጀርባውን ማየት፣ አከርካሪውን አጥንት በአጥንት መንካት ገንዘብ አይጠይቅም።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በኮሪያ፣ በሆንግ ኮንግና በዛሬዋ ዚምባብዌ ያስጀመራቸው ሙከራዎች የዘመኑን ልማድ አናግተውት ነበር። በኮሪያ በማሳን ወራት ሙሉ አልጋ ላይ የተኙትና መድኃኒቱን እየተመላለሱ የወሰዱት፣ በፑሳን ደግሞ ጄሶ የታሰረላቸውና ያልታሰረላቸው፣ ውጤታቸው አልተለያየም። የሆንግ ኮንጉ ሰፊ ኦፕራሲዮን ግን ጉብጠቱን በመቀነስ ብልጫ አሳይቷል። ስለዚህ እግሩ እየሰለለ ለሄደ፣ አከርካሪው ለተናጋ፣ ጉብጠቱ ለሚብስ ሰው ቀዶ ሕክምና ይፈለጋል፤ ለሌላው አሥራ ሁለት ወር የሚወሰደው መድኃኒት ይበቃዋል። “ያለ ኦፕራሲዮን?” ብሎ የሚያዝን ሕመምተኛ አጋጥሞኛል። ቢላዋ ያላረፈበት ሕክምና ለብዙዎች የተሟላ አይመስላቸውም።

ማይሴቶማን ሳላነሣ አላልፍም፤ እሱም የናሙና ጉዳይ ነው። እሾህ የወጋው እግር ሳያም ዓመታት ያብጣል፣ ይበሳሳል፣ በቀዳዳዎቹም ጥቃቅን ጠጠሮች ይወጣሉ። ጎረቤታችን ሱዳን በሽታውን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ጋር የመዘገበው ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ያመጣው ባክቴሪያ ከሆነ በፀረ ባክቴሪያ ይድናል፤ ፈንገስ ከሆነ ረጅም መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ይህን ሳይለዩ እግር መቁረጥ በባክቴሪያ የተያዘውን ገበሬ በክኒን ሊተርፍ የሚችል እግሩን ያሳጣዋል።

ያልተፈታልን ችግር የናሙናው ውጤት ወደ ሕመምተኛው አለመድረሱ ነው። የፓቶሎጂ መልስ ሲደርስ ሕመምተኛው ስፌቱን አስወልቆ ወደ ቀዬው ተመልሷል። ካርዱ ላይ ያለው ስልክ የጎረቤት ነው፣ ወይም ሲም ካርዱ ተቀይሯል። “ቲቢ” የሚል ወረቀት ካርድ ክፍል ተቀምጦ ሰውየው ጠበል ቦታ ሲባዝን የቆየበት ጊዜ አለ። አሁን ናሙና የተወሰደለት ሰው ከዋርድ ሲወጣ ሁለት ቁጥር እንይዛለን፤ አንዱ የራሱ ወይም የዘመድ፣ ሌላው የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። መድኃኒቱን ከሚጀምርበት ጤና ጣቢያ ጋር የምታገናኘው እሷ ናት፣ ቤቱንም የምታውቀው እሷ ናት። ሁለተኛው ቁጥር ያልተጻፈበት ካርድ ወደ ካርድ ክፍል እንዳይመለስ ከዋርዱ ነርሶች ጋር ተስማምተናል፤ እስካሁን ከሐኪሞቹ ይልቅ እነሱ ናቸው የሚያስከብሩት።