ኬታሚንና ድባቴ፦ የሚባለውና የሚታወቀው

ኦክስጅንና የመተንፈሻ ማሽን እንደልብ በማይገኝበት ሆስፒታል የሚሠራ የሰመመን ባለሙያ ኬታሚንን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። ታካሚው ሕመም አይሰማውም፤ ትንፋሹ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቋረጥም፣ የደም ግፊቱም አይወርድም። ዓይኑ እንደተገለጠ ሊቀር ይችላል። ሲነቃ አንዳንዱ ይቀባዥራል፣ ያልነበረ ነገር አየሁ ይላል፤ አስታማሚውም ይደነግጣል። ይህንን በዓይኑ ያየ ሰው ያው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ለድባቴ እንደሚሰጥ ሲሰማ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ግራ መጋባቱ ግን ሁለት ጫፍ ላይ ወስዶ ይጥላል፤ አንዱ መርዝ ይለዋል፣ ሌላው ተአምር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ «የፈረስ ማደንዘዣ ነው፤ ለሰው አይሆንም።»

የእንስሳት ሐኪሞች ይጠቀሙበታል፤ ይህ ሐሰት አይደለም። የተሠራው ግን ለሰው ነው። ካልቪን ስቲቨንስ የተባለ ኬሚስት በ1962 ለፓርክ ዴቪስ ኩባንያ ቀመመው፤ በ1970 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ፈቀደው፤ ከ1985 ጀምሮም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ትልቁ ልዩነት መጠኑ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲዘጋጅ ከ60 እስከ 120 ሚሊግራም በአንድ ደቂቃ ገደማ በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ለድባቴ የተለመደው 30 ሚሊግራም ነው፤ እሱም በ40 ደቂቃ ውስጥ በዝግታ የሚገባ። ታካሚው ራሱን አይስትም፤ ከገዛ አካሉ የራቀ ያህል ግን ሊሰማው ይችላል።

ተረት፦ «አንዴ ከተወሰደ ድባቴን ከሥሩ ይነቅላል።»

በ2006 የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች ሌላ መድኃኒት ያልረዳቸውን 18 ሕሙማን አጠኑ። በአንድ ቀን ውስጥ 71 በመቶዎቹ ጉልህ መሻሻል አሳዩ። የተለመዱት የድባቴ መድኃኒቶች ሳምንታት ይወስዳሉ፤ መኖር ለመረረው ሰው ደግሞ ሳምንት ረጅም ነው። ስለዚህ የሐኪሞቹ ደስታ ያለምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ያንኑ ጥናት እስከ ሳምንቱ መጨረሻ የተከታተለ ሰው መሻሻሉ የጸናላቸው 35 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ያነባል። መድኃኒቱ በር ይከፍታል፤ በሩ ግን መልሶ ይዘጋል። ሕክምናው በተደጋጋሚ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

በ2019 ኤፍዲኤ የፈቀደው በአፍንጫ የሚነፋው ኤስኬታሚን (ስፕራቫቶ) የኬታሚን አንድ ወገን ነው። የሚወሰደው ፈቃድ ባለው የሕክምና ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ታካሚው ቢያንስ ለ2 ሰዓት ክትትል ይደረግለታል፣ እስከ ማግሥቱም መኪና አይነዳም። ራስን ማጥፋትን እንደሚከላከል አለመረጋገጡ በመመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። ተራው ኬታሚን ደግሞ ለየትኛውም የአእምሮ ሕመም የኤፍዲኤ ፈቃድ የለውም፤ ሐኪሞች የሚያዙት በራሳቸው ውሳኔ ነው። ይህ ሕገወጥ አያደርገውም፤ ማስታወቂያ ላይ «የተፈቀደ ሕክምና» ሲባል ግን ልብ ማለት ይገባል።

ተረት፦ «መድኃኒቱ ነው የሚያድነው፤ ንግግሩ ትርፍ ነው።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነውና። ኬታሚንን ከንግግር ሕክምና ጋር የሚያጣምሩ ባለሙያዎች ታካሚውን አስቀድመው ያዘጋጁታል፤ በመድኃኒቱ ሰዓት አብረውት ይቀመጣሉ፤ በኋላም ያየውንና የተሰማውን ከኑሮው ጋር እያገናኙ ያወያዩታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የቭጌኒ ክሩፒትስኪ የተባለ ሩሲያዊ የአእምሮ ሐኪም በ1980ዎቹ አጋማሽ ሌኒንግራድ ውስጥ የአልኮል ሱስ ያለባቸውን ሰዎች በዚህ መንገድ ያክም ነበር። በ2022 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ 96 ሰዎችን በዕጣ ከፋፈለ። በስድስት ወር ውስጥ ኬታሚን የወሰዱት ከአልኮል የራቁባቸው ቀናት በዝተው ተገኙ፤ ልዩነቱ የሰፋው ኬታሚንንና የንግግር ሕክምናን አንድ ላይ ባገኙት ላይ ነበር። ወደ መጠጥ በመመለሱ በኩል ግን ቁርጥ ያለ ልዩነት አልታየም።

በ2023 ደግሞ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ድባቴ ላለባቸው 40 ሰዎች ለቀዶ ሕክምና በሰመመን ተኝተው ሳለ፣ ለግማሹ ኬታሚን፣ ለግማሹ ባዶ ፈሳሽ ሰጡ። ተኝተው ስለነበር የትኛው እንደደረሳቸው የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም። ሁለቱም ወገን ተሻለው፤ ልዩነት አልተገኘም። አንድ ትንሽ ጥናት የሌሎቹን ሁሉ ዋጋ አያፈርስም። ሆኖም ተስፋ፣ እንክብካቤና የሚሰማ ጆሮ የሕክምናው አካል መሆናቸውን እንደ ቀላል ነገር እንዳናልፍ ያስገድዳል። በሌላ በኩል ታላላቆቹ የድባቴ ጥናቶች የተካሄዱት በአመዛኙ ያለ ንግግር ሕክምና ነው። ስለዚህ ጥምሩን «ሳይንስ ያረጋገጠው» ብሎ የሚሸጥ ክሊኒክ ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል።

ተረት፦ «ሐኪም ካዘዘው ቤት ውስጥ ቢወሰድም ያው ነው።»

አይደለም። ኤፍዲኤ በጥቅምት 2023 መድኃኒት ቤቶች ራሳቸው ቀምመው ስለሚሸጡት ኬታሚን፣ ቤት ውስጥ መውሰድንም ጨምሮ፣ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በዚያው ወር ተዋናዩ ማቲው ፔሪ በ54 ዓመቱ ሞቶ ተገኘ። የአስከሬን ምርመራው ዋናው ምክንያት የኬታሚን ጉዳት መሆኑን ገለጸ፤ በደሙ የተገኘው መጠን ለሙሉ ሰመመን የሚሰጠውን ያህል ነበር። በሐኪም ክትትል የወሰደው የመጨረሻው ሕክምና ከአንድ ሳምንት ተኩል በፊት ስለነበር ከዚያ የቀረ ሊሆን አይችልም። መድኃኒቱ ሱስ ሊያስይዝ ይችላል፤ አዘውትረው በብዛት የሚወስዱት ሰዎች የሽንት ፊኛቸው ሊጎዳ ይችላል። ለጊዜው የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ ወይም ድምፅ መስማትና የሌለ ነገር ማየት ያጋጠመው ሰው ይህንን ለሐኪሙ ሳይደብቅ መናገር አለበት።

ውጭ አገር ለሚኖር ወገኔ ከዋጋው በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። በመድኃኒቱ ሰዓት አጠገቤ የሚቀመጠው ማን ነው? ግፊቴን በየስንት ደቂቃው ትለካላችሁ? በማግሥቱስ ማን ያናግረኛል? በእንግሊዝኛ ሥራውን የሚሠራ ሰው ሐዘኑን የሚናገረው በአማርኛ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በአማርኛ የሚያዋራኝ ባለሙያ ወይም አስተርጓሚ አለ ወይ ብሎ መጠየቅም ቅንጦት አይደለም።