«ቆሟል» የተባለው ሞተር ሁሉ አልተበላሸም

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ አንድ የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን በዕድሜ በገፋ ሞተር ሳይክል ሲጓዝ ይታሰብ። ከኋላው በጎማ ገመድ የታሰረ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን አለ። የክትባቱ ቀን አስቀድሞ ተነግሯል፤ አርሶ አደሮቹ በጎቻቸውን ከንጋት ጀምሮ ሰብስበው ይጠብቃሉ። ሞተሩ ቁልቁለቱን ጨርሶ ቀጣዩን አቀበት ሲጀምር ጉልበት ያጣል፤ ሁለት ሦስቴ ይንተፋተፍና ጸጥ ይላል። ባለሙያው ደጋግሞ ይረግጣል፤ አይነሳም። አሥር ደቂቃ ያህል ዐርፎ ሲረግጠው ይነሳል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደገና ይቆማል።

እንዲህ ያለ ሞተር መጨረሻው የታወቀ ነው። በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ከተማ ይመለሳል፤ በመዝገብ ላይ «ቆሟል» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ከዚያም በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ጥግ ይደገፋል። እዚያ ሳለ በታንኩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እየተነነ ዝቃጩን ይተዋል፤ ባዶው ታንክ ከውስጥ ይዝጋል፤ ጎማው ይደርቃል። በግማሽ ሰዓት ሊፈታ ይችል የነበረው ችግር በስድስት ወር ውስጥ ትልቅ ጥገና ይሆናል። ከላይ የተገለጸው ሞተር ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በነዳጅ ክዳኑ ላይ ባለች የመርፌ ቀዳዳ በምታክል መተንፈሻ ነው።

የሞተሩ መቆም ለምን የግብርና ጉዳይ እንደሚሆን በደጋው የሚኖር አርሶ አደር ያውቀዋል። የሰሜን ሸዋ ደጋ የበግ አገር ነው። በጎችንና ፍየሎችን የሚያጠቃው ደስታ መሰል በሽታ (ፒፒአር) አንድ መንጋ ውስጥ ከገባ በፍጥነት ይዛመታል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከምድር ለማጥፋት ዕቅድ ይዘዋል። የቅርብ ዘመዱ የሆነውና የቀንድ ከብቱን ይጨርስ የነበረው የደስታ በሽታ በክትባት ዘመቻ ተሸንፎ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ መታወጁ ይህ የሚቻል ለመሆኑ ማሳያ ነው። ይሁንና ክትባቱ በቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ ከተበጠበጠ በኋላም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካልተወጋ ይበላሻል። በመንገድ ዳር የባከነ ግማሽ ቀን ክትባቱንም የአርሶ አደሩንም እምነት ያስከፍላል። አርሶ አደሩ አንድ ጊዜ በከንቱ ካዋለው ባለሙያ ሁለተኛ ቀጠሮ ላይቀበል ይችላል።

በሰብል በኩልም ነገሩ ያው ነው። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአገሪቱ የስንዴ አካባቢዎች የተከሰተው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ኩብሳን የመሰሉ በስፋት የተዘሩ ዝርያዎችን ክፉኛ መታ። ዋግ በወቅቱ ከታየ በኬሚካል ይገታል፤ ዘግይቶ ከታየ ግን ማሳው የሚሰጠው ገለባ ብቻ ይሆናል። ማሳውን ቀድሞ የሚያየው ደግሞ ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞረው ባለሙያ ነው።

በግብርና ሥራ ላይ ለረጅም ዓመታት ካገለገሉት ሞተሮች መካከል ያማሃ ዲቲ እና ያማሃ ኤጂ 100 ይገኙበታል። እነዚህ አሮጌ ሞተሮች አንድ መልካም ጎን አላቸው፤ የነዳጅ መንገዳቸው ቀላል ነው። ፓምፕ የለም፣ ኮምፒውተር የለም። ቤንዚኑ መካኒኮች ሰልባትዮ ከሚሉት ታንክ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ በእጅ በሚዞረው መክፈቻ ያልፋል፤ በጎማ ቱቦ አድርጎ ካርቡራቶር ይገባል፤ እዚያ ከአየር ጋር ተደባልቆ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ስለዚህ ችግሩን የሚፈልግ ሰው እንደ መስኖ ቦይ ሊያስበው ይችላል። ውኃው ማሳው ላይ ካልደረሰ ማሳውን ከመቆፈር በፊት ከምንጩ ጀምሮ ቦዩን እየተከተሉ መውረድ ነው። በተግባር የሚታየው የተገላቢጦሹ ነው፤ ሞተሩ እንደቆመ መጀመሪያ የሚፈታው ካርቡራቶሩ ይሆናል። ሜዳ ላይ ሲፈታም ትናንሽ ብሎኖቹ በሣር ውስጥ ይጠፋሉ።

የመጀመሪያው ፍተሻ ክዳኑ ነው። ከታንኩ ቤንዚን በወረደ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት። የዘይት ቆርቆሮ ለመቅዳት ሁለት ቀዳዳ የሚበጀው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ለዘይቱ፣ ሌላው ለአየሩ። የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራና በጭቃ ሲደፈን ቤንዚኑ በታንኩ ውስጥ እያለ መውረድ ያቆማል። ዋናው ክዳን ጠፍቶ ቀዳዳው በፌስታልና በጨርቅ በተወተፈ ሞተር ላይም ይኸው ይደርሳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሞተሩ ጥሩ ይሄዳል፣ ከተወሰነ መንገድ በኋላ ይሞታል፣ ዐረፍ ሲል አየር ቀስ ብሎ ስለሚገባ ይነሳል። በቆመበት ቅጽበት ክዳኑ ሲከፈት «እስስ» የሚል የአየር ድምፅ ከተሰማና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። መተንፈሻውን በቀጭን ሽቦ መጥረግ፣ በጎማ መንፊያ መንፋት ይበቃል።

በነገራችን ላይ አንኮበርን በመሰለ ጉም በማይለየው ቦታ ይህን ምልክት የሚመስል ሌላ ነገር አለ። አየሩ እርጥብና ቀዝቃዛ ሲሆን በካርቡራቶሩ ውስጥ የሚተነው ቤንዚን ሙቀቱን ይበልጥ ስለሚቀንሰው እርጥበቱ ወደ በረዶነት ተለውጦ የአየሩን መንገድ ሊያጠብ ይችላል። ሞተሩ ይቆማል፤ ከኤንጂኑ የሚወጣው ሙቀት በረዶውን ሲያቀልጠው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ልዩነቱ ክዳኑ ሲከፈት የአየር ድምፅ አለመሰማቱ ነው።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ቀጥሎ ቱቦውን ከካርቡራቶሩ ጫፍ ነቅሎ ጫፉን በንጹሕ ሃይላንድ ውስጥ በማድረግ መክፈቻውን መክፈት ነው። ሳይቆራረጥ እኩል የሚወርድ ቤንዚን ካለ እስከዚያ ድረስ መንገዱ ንጹሕ ነው። ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ግን መክፈቻው ላይ ያለው ወንፊት ተደፍኗል፣ ወይም ቱቦው ታጥፏል፣ አሊያም ከውስጥ ተልጦ ራሱን ዘግቷል። መክፈቻው ወደ ሪዘርቭ ሲዞር ብቻ የሚወርድ ከሆነ ታንኩ ጎድሏል ማለት ነው፤ ነገሩ ቀላል ቢመስልም በዚህ ምክንያት ጋራዥ የሚገባ ሞተር አይጠፋም። ሁልጊዜ በሪዘርቭ መንዳትም ጉዳት አለው፤ ሪዘርቭ የሚቀዳው ከታንኩ ሥር ስለሆነ ዝቃጩንና ውኃውን ይዞ ይወርዳል። ከአዳዲሶቹ ሞተሮች አንዳንዶቹ ኤንጂኑ ሳይዞር ቤንዚን እንደማያወርዱ ግን መታወቅ አለበት።

ያ ሃይላንድ መጣል የለበትም። ለአሥር ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጥ። አንድ ሊትር ቤንዚን 750 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ከውኃ ይቀልላል፤ ውኃ ካለ ከሥር ይሰበሰብና በመካከላቸው ጥርት ያለ መስመር ይታያል። በደብረ ብርሃን የበጋ ሌሊት፣ ውርጭ በሚጥልበት ጊዜ፣ ግማሹ ባዶ በሆነ ታንክ ውስጥ ያለው አየር እርጥበቱን በብረቱ ላይ ያረግፋል። ሞተሩን ከማሳደር በፊት ታንኩን መሙላት የሚመከረው ለዚህ ነው። ውኃውን የሚያመጣው ሌሊቱ ብቻ አይደለም። ከማደያ በራቁ ቀበሌዎች ቤንዚን የሚገኘው በጀሪካንና በሃይላንድ ነው፤ ጀሪካኑ ትናንት ዘይት ወይም ላምባ ይዞ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ጥቂት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ ማድረቅ በቂ ነው። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ናፍጣ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወንፊት አጥልሎ መሙላት ደቃቅ ቆሻሻውን ይይዛል፤ ውኃንና ላምባን ግን አያስቀርም።

የጎማ ቱቦዎችን በተመለከተ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፤ ኋላም ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ኢታኖል ውኃ ይስባል፤ ለእርሱ ያልተሠራ አሮጌ ጎማንም ያሳብጣል። ከዚያ ዘመን በፊት በተሠራ ሞተር ላይ የመጀመሪያው ቱቦ አሁንም ካለ መቀየሩ አያስቆጭም።

ቤንዚኑ በደንብ እየወረደ ሞተሩ ካልሠራ ያን ጊዜ ካርቡራቶሩ ተራው ነው። እርሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ከመፈታቱ በፊት ከሥሩ ያለችው የማፍሰሻ ብሎን ትከፈት፤ የሚወጣው ቤንዚን ዝገት ወይም ውኃ ከያዘ መልሱ ተገኝቷል። ቤንዚኑ በትርፍ ማፍሰሻው በኩል ሳያቋርጥ መሬት ላይ የሚፈስ ከሆነ ተንሳፋፊው የሚዘጋት መርፌ በቆሻሻ ተይዛለች፤ የካርቡራቶሩን ጎን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መምታት ብዙ ጊዜ ያስለቅቃታል። ሞተሩ ቾክ ሲሳብ ብቻ የሚሠራና ሲለቀቅ የሚሞት ከሆነ የሚኒሞው ቀዳዳ ተደፍኗል። በሚኒሞ በደንብ ሠርቶ ነዳጅ ሲሰጠው የሚያንቀው ከሆነ ደግሞ ዋናው ቀዳዳ ነው። እነዚህ ቀዳዳዎች በነሐስ የተሠሩና በልክ የተበሱ ስለሆኑ ሽቦ አይገባባቸውም፤ የክዳኑን መተንፈሻ የጠረገው ሽቦ እዚህ ላይ ጠላት ነው። በቤንዚን አጥቦ በመንፊያ መንፋት ይሻላል። ይህ ሁሉ ሲሠራ ኤንጂኑ የቀዘቀዘ፣ አካባቢው ከሲጋራና ከከሰል የራቀ መሆን አለበት። ቤንዚንን በአፍ መሳብም ሳንባን ለከፋ ጉዳት የሚዳርግ ልማድ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚጠየቀው የአካባቢው ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 840 ሜትር ገደማ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአራተኛ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ላይ ሲሠራ ቤንዚኑ ያው፣ አየሩ ግን ያነሰ ይሆናል፤ ሞተሩ ይጠግባል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱ ይደክማል፣ ቤንዚን ይበላል። ይህን የምትናገረው ካንዴላ ናት። ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ከሆነች ቤንዚኑ በዝቷል፣ ነጣ ካለች አንሷል፣ ቡናማ ከሆነች ልኩ ነው።

አንዳንድ ጋራዦች ለደጋው ብለው ዋናውን ቀዳዳ በጠባብ ይቀይራሉ። ደብረ ብርሃን ላይ መልካም ነው። ያው ሞተር ግን በአንኮበር በኩል ወደ አልዩ አምባ ሲወርድ ከሺህ ሜትር በላይ ያሽቆለቁላል። ይህ ከፍታ የቀድሞ የሲራራ ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን ከታች ትተው ጭነቱን በበቅሎ የሚያወጡበት ነበር። ሞተሩ ቆላ ሲደርስ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ኤንጂኑ ከልክ በላይ ይግላል። ዲቲና ኤጂን በመሰሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ላይ ደግሞ የቤንዚን ማነስ ፒስተኑን እስከ ማጣበቅ ይደርሳል። ቆላና ደጋ የሚመላለስ ሞተር እንግዲህ ለአንዱ ብቻ ተብሎ ሊጠብ አይገባም፤ ደጋ ላይ ትንሽ ቢያጨስ ይሻላል።

ጥፋቱ ከነዳጅ ውጭ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ካርቡራቶሩን ከኤንጂኑ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ከተሰነጠቀ ሞተሩ በራሱ ይጮኻል። ማርሚታው በካርቦን ከተደፈነ አቀበት ላይ እንደ ነዳጅ እጥረት ይደክማል። ካንዴላዋ እሳት ካልሰጠች የቤንዚኑ ፍለጋ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ሆኖም ካንዴላዋን መፈተሽ የሁለት ደቂቃ ሥራ በመሆኑ አስቀድሞ ቢደረግ ጉዳት የለውም።

ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚቀረው ጥያቄ ሞተሩ በማን እጅ እንዳለ ነው። በሦስት ባለሙያዎች መካከል በፈረቃ የሚዞር ሞተር ስለ ሕመሙ የሚናገርለት የለውም። ሰኞ የነዳው ሰው ያየው መንተፋተፍ ለማክሰኞው ሳይነገር ይቀራል። በእያንዳንዱ ሞተር ላይ የት እንደተሞላ፣ መቼ እንደቆመ፣ ቆሞ በስንት ደቂቃ እንደተነሳ የሚጻፍበት ደብተር ቢኖር መካኒኩ ከግማሽ በላይ ሥራው ይቀልለታል። የነዳጅ ፊልትሮ ደግሞ ርካሽ ዕቃ ነው። ነገር ግን እንደ ትልቅ መለዋወጫ ተቆጥሮ በግዥ ሂደት ውስጥ ሲንከላወስ የክትባቱ ወቅት ያልፋል። ጥቂት ፊልትሮ፣ አንድ ሁለት ካንዴላና አንድ ሜትር የቤንዚን ቱቦ በዓመቱ መጀመሪያ ተገዝተው መጋዘን ቢቀመጡ የሚከለክል አሠራር ያለ አይመስልም።

በግቢ ጥግ የተደገፉትን ሞተሮች በተመለከተም ወደ ጨረታ ወይም ወደ ትልቅ ጋራዥ ከመላካቸው በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ሊመደብላቸው ይገባል። የሚያስፈልገው አንድ መካኒክ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የጎማ መንፊያ፣ ሁለት ሊትር ንጹሕ ቤንዚን እና ባዶ ሃይላንድ ነው። የመጀመሪያው ሥራም የእያንዳንዱን ክዳን ከፍቶ መተንፈሻውን ማየት ይሆናል።