የዕጣኑን ዛፍ ያለ ወራሽ ያስቀረው ጥንዚዛው ነው?

ከመተማ ተሻግሮ ወደ ሱዳኖቹ ባሱንዳና ገዳሪፍ በሚዘልቀው ቆላ የዕጣን ዛፍ ሲደርቅ ጣት የሚቀሰረው በጥንዚዛው ላይ ነው። ክሱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የዚህ ቀንደ ረጅም ጥንዚዛ እጭ ግንዱን ከውስጥ እየቦረቦረ ይበላዋል፤ በመተማና በሰሜን ኢትዮጵያው አበርገሌ ከ4,000 በላይ ዛፎችን የመረመሩ ባለሙያዎች ሞተው ካገኟቸው ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ ጥንዚዛ የገባባቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ይኸው ጥናት፣ አያያዙ ካልተለወጠ በ50 ዓመት ውስጥ 90 በመቶው ዛፍ እንደሚጠፋ አስጠንቅቋል። ይሁንና ዛፍ መግደልና ደን ማጥፋት ይለያያሉ። ሁለቱን ስለቀላቀልን መድኃኒቱን የምንፈልገው ከሌለበት ቦታ ነው።

ሁለቱን ፍጥረታት በአንድ ጥያቄ እንመዝናቸው፤ ራሱን የሚተካው የትኛው ነው? ጥንዚዛው ዕድሜው አጭር ቢሆንም ከአንዱ ግንድ ወጥቶ በሌላው ዘሩን ይቀጥላል። ዛፉ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይቆማል፤ ተተኪ ግን የለውም። በመተማ የግንድ ቀለበት ተቆጥሮ ሲታይ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ለወግ የበቃ አዲስ ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ያረጀው ዛፍ ጥንዚዛ ባይነካውም አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም። ጥንዚዛው የሚገባው ደግሞ በትልልቁ ግንድ ስለሆነ የቡቃያው መጥፋት በእሱ አይሳበብም። ዘሩ በክረምት ይበቅላል፤ በበጋ ላዩ ደርቆ በዝናቡ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ያቆጠቆጠውን ከብት ይግጠዋል፣ የቀረውን ሰደድ እሳት ይበላዋል። በገዳሪፍ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተስፋፋው የትራክተር እርሻ፣ በመተማም ሰሊጡና ሰፈራው መሬቱን ሲይዙ ከብቱ በተረፈው ደን ላይ ተከማችቷል።

«ጥፋቱ ዕጣን ለማውጣት ቅርፊቱን ደጋግሞ ማቁሰሉ ነው» የሚሉ አሉ። በመተማና በአበርገሌ ግን የቆሰለውም ያልቆሰለውም ደን በተቀራረበ ፍጥነት አሽቆልቁሏል። ይህ አምራቹን ሙሉ በሙሉ ነጻ አያወጣም፤ በኤርትራ በተደረገ ጥናት ካልቆሰሉ ዛፎች ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ከቆሰሉት የበቀለው 16 በመቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ ዛፍን በየተራ ማሳረፍ ግድ ነው። ቡቃያውን ለማትረፍ ደኑ ከከብት ይከለል ሲባል፣ የግጦሽ መሬት አይከለከልብን የሚለው የአርብቶ አደሩ ቅሬታም እውነት አለው። ሆኖም የተጠየቀው ደኑን በሙሉ መዝጋት አይደለም፤ ቡቃያው ከከብት አፍና ከእሳት ከፍ እስኪል፣ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ከፊሉን መከለል ነው። ጥንዚዛ የገባበትን ግንድ ቆርጦ ማስወገድ ለነባሩ ዛፍ ጊዜ ይገዛለት ይሆናል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ለቡቃያው ጠባቂ መቅጠር ይቀድማል።