ስለ ገጣባ ፈረስ አጠባበቅና አጫጫን

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሓ ለሚወርድ፥ ወይም ከሳይንት ደጋ ወደ በሽሎ ለሚያዘነብል ሰው የጭነት ከብት ዋጋ ሊነገረው አያስፈልግም። የመኪና መንገድ መካነ ሰላም ቢደርስም፥ ከመንገዱ ርቀው ላሉት ቀበሌዎች እህሉን ወደ ገበያ፥ ማዳበሪያውንም ወደ እርሻ የሚያደርሰው ዛሬም ፈረስ፥ በቅሎና አህያ ነው። የፈረስ ጀርባ በተገጠበ ጊዜ የባለቤቱም ገበያና እርሻ አብሮ ይታጐላልና፥ ነገሩ የየወረዳው ሹማምንትና የባለ ይዞታዎች ጉዳይ መሆኑን በማሰብ ይህን ጽፈናል።

ብዙ ሰው ገጣባን ከፈረሱ ቆዳ ስስነት ወይም ከክፉ ዕድል ይቈጥረዋል። ነገር ግን ኮርቻው ወይም ኩርታኑ አንዱን ቦታ አጥብቆ ሲጫነው በዚያ ያለው ደም መመላለሱን ያቆማል፤ ደም ያጣው ቆዳና ሥጋም ይሞታል። በእንግሊዝ ጦር የፈረስ ሐኪም የነበረው ፍሬድሪክ ስሚዝ በ1891 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ስለ ኮርቻና ስለ ገጣባ ብቻ አንድ መጽሐፍ ማሳተሙ፥ ነገሩ ፈረሰኛ ጦርን ምን ያህል ያሳስብ እንደነበረ ያስረዳል።

በቦረናና በሳይንት ምድር ችግሩን የሚያብሰው ዳገቱና ቁልቁለቱ ነው። ሲወርዱ ጭነቱ ወደ ፊት ይንሸራተትና በትከሻዎቹ መካከል ያለውን ጉብታ ይፈገፍገዋል፤ ሲወጡ ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ ወገቡን ይልጠዋል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር የጅራቱን ጠፍር፥ ዳገቱ ሳይጀመር የደረቱን ጠፍር ማየት ይገባል። በጅራቱ ሥር ቀጭን የናይሎን ገመድ ማሰር ግን ሌላ ቁስል መግዛት ነው። ክብደቱም ከፈረሱ ክብደት አንድ አራተኛ እንዳያልፍ ይሁን። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ኮርቻው ጭምር 60 ኪሎ ያህል ነውና፥ ባለ 50 ኪሎ ማዳበሪያ ሁለት ጆንያ መጫን ከልክ ያለፈ ነው።

ጭነቱ እንደ ወረደ፥ ላብ ባራሰው ጀርባ መካከል ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ቢገኝ ኮርቻው በዚያ እንደ ተጫነ ይታወቅ። እብጠቱ ብዙ ጊዜ ቈይቶ ስለሚነሣ፥ ማታ ደግሞ በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል።

ቆዳው ሳይቀደድ ያበጠ እንደሆነ ቀዝቃዛ ውሃ የጠጣ ጨርቅ እየደረቡ ማሳረፍ ይበቃል። የተቀደደ እንደሆነ በዙሪያው ያለውን ጠጕር መቍረጥ፤ ፈልቶ በበረደ አንድ ሊትር ውሃ ከአፉ የተካከለ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ዕለት ዕለት ማጠብ፤ ዝንብም መከላከል ነው። የባትሪ ውሃ ማፍሰስ፥ የተቃጠለ ዘይት መቀባት፥ በጋለ ብረት መተኰስ ደኅናውን ሥጋ ጭምር ይገድላልና ፈጽሞ መቅረት አለበት። ሁሉን የሚበልጠው መድኃኒት ግን ዕረፍት ነው፤ ቆዳው ገጥሞ ጠጕር እስኪያበቅል ኮርቻ አይውጣበት። ኩርታኑን በቁስሉ ልክ በስቶ መጫንን ብልኅነት የሚያደርጉ አሉ፤ የቀዳዳው ጠርዝ ግን በዙሪያው አዲስ ገጣባ ያወጣል።

መግል የያዘ፥ የሚሸት፥ ወይም በትከሻዎቹ መካከል ጠልቆ የገባ ቁስል የባለቤቱ ሥራ አይደለም፤ ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ይታይ። ፈረስ ከሌሎች የቤት እንስሳት ይልቅ በቁስል በሚገባ የመንጋጋ ቈልፍ በሽታ በቶሎ ይጠቃል፤ ክትባቱም አለ።

አስቸጋሪው ግን አንድ ፈረስ ብቻ ያለው ድኻ ነው። አሳርፈው ቢባል ቤተ ሰቡን በምን ያሳድራል? በዚህ ትእዛዝ ብቻውን አይበቃም። ጎረቤቶች በእርሻ እንደሚረዳዱበት ወንፈል ሁሉ በጭነትም ከብት እንዲዋዋሱ የቀበሌው ሹም ቢያስማማ፥ ፈረሱም ይድናል፥ ገበያውም አይቀርም። ማዳበሪያ በሚከፋፈልበትም ቦታ ገጣባ ከብት እንዳይጫን የሚመለከት ሰው ይመደብ። ይህም ሥራ የሚበዛው ክረምት ሲቃረብ ስለሆነ፥ የፈረሶቹን ጀርባ መመርመር በሚያዝያ ቢጀመር የተገጠበው ከብት የሚያርፍበት ጊዜ ያገኛል።