ተጨማሪ መረጃ፦ ኔትወርክ ሲጠፋ መዝገቡ የት ይቆያል?

ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ባለ ጤና ጣቢያ የወሩን ሪፖርት የምትሞላ ባለሙያ አለች እንበል። ሥራዋ ሳያልቅ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበትና በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚለማው ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሶፍትዌር ይህን ችግር አስቀድሞ አስቦበታል፤ የተሞሉትን ቁጥሮች መስመሩ እስኪመለስ ብራውዘሩ ውስጥ ያቆያቸዋል።

ለዚህ ዓይነት ሥራ ብራውዘሮች ኢንዴክስድዲቢ የሚባል የመረጃ ቋት አላቸው፤ መስፈርቱ የጸደቀው በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ነው። የተቀመጠ መዝገብ ለማውጣት መጀመሪያ ቋቱ ይከፈታል፤ ከዚያ ለንባብ ብቻ የሆነ ትራንዛክሽን ይጀመራል፤ ቀጥሎ የመዝገቡ ቁልፍ፣ ለምሳሌ የካርድ ቁጥር፣ ይሰጣል።

ጀማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፦ መልሱ ወዲያው አይመጣም። ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ቁጥር ሰጥቶ እንደ መጠበቅ ነው፤ ምርመራው የሚቀጥለው ካርዱ ሲወጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤቱን የሚያነበው ኮድ «ሰክሰስ» የተባለው ክስተት ሲደርስ እንዲሠራ ተደርጎ ይጻፋል። የተጠየቀው ቁልፍ ባይኖርም ስህተት አይታይም፤ የሚመለሰው «አንዲፋይንድ» የሚል ባዶ ውጤት ነውና ሁልጊዜ ይጣራ።

በካርድ ቁጥር ሳይሆን በቀበሌ ለመፈለግ ግን ኢንዴክስ አስቀድሞ መሠራት አለበት፤ አለበለዚያ መዝገቡን ሁሉ አንድ በአንድ ማገላበጥ ግድ ይሆናል።

አደራ፦ የብራውዘሩን ዳታ ያጸዳ ሰው ገና ያልተላከውንም ሪፖርት አብሮ ያጠፋል።