የሚጮኽ አጥርና የሚሰማ ጎረቤት

በገጠር የሚኖር ቤተ ሰብ ሀብቱ ሁሉ በአንድ ቅጥር ውስጥ ያድራል። በሬው በበረት፣ በጉ በጋጥ፣ እህሉ በጎተራ፣ ልጆቹም በቤት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ ለምሳሌ ጥማድ በሬው፣ በአንዲት ሌሊት ቢነዳበት የሚጠፋው የበሬው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣው ክረምት እርሻም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ገበሬው እሾህ ቈርጦ ያጥራል፤ ቍልቋል ይተክላል፤ በሩንም በመወርወሪያ ይዘጋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን አጥር የሚመጣውን ሰው ያዘገየዋል እንጂ መምጣቱን ለተኛው አይነግረውም። ሌባም ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ይህንኑ ዝምታ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ በጥቂት ገንዘብና በቤት ውስጥ በማይታጣ ዕቃ አጥርን እንዴት ማናገር እንደሚቻል፣ ከጩኸቱም በኋላ ምን ሊደረግ እንደሚገባ እናስረዳለን።

ከጥበቃ ዘዴዎች ሁሉ ቀደምት የሆነው እንስሳ ነው። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ እንደሚተርከው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ390 ዓመት ገደማ የጋሎች ወታደሮች በሌሊት የካፒቶልን ኮረብታ በወጡ ጊዜ ውሾቹ ምንም አልሰሙም ነበር። ማርቆስ ማንሊዮስን ከእንቅልፉ የቀሰቀሱት የዩኖ መቅደስ ዝዮች ናቸው። እርሱም ፈጥኖ ደርሶ የመጀመሪያውን ወራሪ ገፍቶ ጣለው። ከዚህ ትረካ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ በአንድ ጠባቂ ብቻ መታመን እንደማይገባ ነው። ሁለተኛው፣ ዝዮቹ ቢጮኹም ተነሥቶ የደረሰ ሰው ባይኖር ኖሮ ጩኸታቸው ከንቱ ይሆን እንደ ነበር ነው።

በአገራችን ይህን አገልግሎት የሚሰጠው ውሻ ነው። ብዙዎቻችን ግን ውሻውን በበሩ ላይ እናስረዋለን። ሌባ በበር እንደማይመጣ እናውቃለን፤ ውሻውም ከበሩ አጠገብ ሲሆን የተመረዘ ሥጋ ሊወረወርለት ይችላል። ስለሆነም ከአጥሩ ራቅ ብሎ፣ በበረቱና በጓሮው መካከል ቢያድር ይሻላል። ቤተ ሰቡም የውሻውን ድምፅ ለይቶ ማወቅ አለበት። ለጅብ የሚጮኸው ጩኸት፣ ለአላፊ አግዳሚ የሚጮኸውና ቅጥር ለገባ ሰው የሚጮኸው አንድ አይደለም። ይህን ፈጥነው የሚለዩት ብዙውን ጊዜ ልጆች ናቸውና ልጅ «አባባ፣ ውሻው ዛሬ ሌላ ነው» ሲል መናቅ አይገባም።

ከእንስሳ ቀጥሎ የሚመጣው ኮሽታ ነው። በአጥሩ ውስጥ በኩል፣ ሰው ዘሎ በሚያርፍበት ስፍራ፣ ደረቅ የማሽላ አገዳ ወይም ጠጠር ቢነሰነስ ባዶ እግር እንኳ ያለ ድምፅ አይረግጠውም። ከዚህ የሚበልጠው ግን የሲባጎና የጣሳ ዘዴ ነው። ከአጥሩ ወደ ውስጥ ሁለት እርምጃ ያህል ገባ ብሎ ችካሎች ይተከላሉ፤ በእነርሱም ላይ መልኩ እንደ አፈር የጠቈረ ሲባጎ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ይዘረጋል። ከዚህ ዝቅ ካለ ዶሮና ድመት ሌሊቱን ሙሉ ያስጮኹታል። ጣሳዎቹ ጥቂት ጠጠር ገብቶባቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይንጠለጠላሉ፤ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ድምፃቸው ይጎላልና። ቃጭል የተገኘ እንደ ሆነ የበለጠ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ጣሳውን በአጥሩ ላይ በማንጠልጠላቸው ነው። መስማት ያለበት ሌባው ሳይሆን የተኛው ሰው ነው። ስለዚህ የሲባጎው ጫፍ እስከ ቤቱ ድረስ ተስቦ ጣሳው ከመኝታው ግድግዳ አጠገብ ይሰቀል።

የልብስ መቆንጠጫና የባትሪ ድንጋይ ያለው ቤተ ሰብ ደግሞ ደወል መሥራት ይችላል። በመቆንጠጫው ሁለት ጥርሶች ላይ የተላጠ የመዳብ ሽቦ ይጠመጠማል፤ በመካከላቸውም ስስ የፕላስቲክ ቁራጭ ይገባል። ሲባጎው በዚህ ቁራጭ ላይ ይታሰራል፤ መቆንጠጫውም በችካል ላይ በምስማር ይመታል። ከሁለቱ ጥርሶች የሚነሡት ሽቦዎች ሁለት የባትሪ ድንጋይ ወደሚበቃት ትንሽ ደወል ይሄዳሉ። እግር ሲባጎውን ሲስበው ቁራጩ ይወጣል፤ ጥርሶቹ ይገናኛሉ፤ ደወሉም ሰው መጥቶ እስኪያቆመው ድረስ ይጮኻል። ጣሳ አንድ ጊዜ ተንቋቍቶ ዝም ይላል፤ ይህ ግን ከባድ እንቅልፍ የወሰደውንም ይቀሰቅሳል። አሳቡ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1853 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚኖር አውግስጦስ ራስል ፖፕ የሚባል ሰው በር ወይም መስኮት ሲከፈት የኤሌክትሪክ መሥመር ተገናኝቶ ደወል የሚደወልበትን መሣሪያ በስሙ አስመዝግቦ ነበር።

ዛሬ በፀሐይ ኃይል ተሞልተው፣ ሰው ሲያልፍ በራሳቸው የሚበሩ መብራቶችም በየገበያው ይሸጣሉ። እነዚህ የሚያውቁት የሚንቀሳቀስ ገላን ሙቀት እንጂ ሌባን አይደለም፤ በሬም ጅብም ያበራቸዋል። ስለዚህ ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ በረቱ ደጃፍ ዘቅዝቀው ይተከሉ።

ስለ መብራት ከተነሣ ዘንድ በኬንያ የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አዋሳኝ ይኖር የነበረውን የማሳይ ልጅ፣ ሪቻርድ ቱሬሬን፣ ሳናነሣ አናልፍም። አንበሶች ከፓርኩ እየወጡ የአባቱን ከብቶች ይበሉ ነበር። በመጀመሪያ እሳት አነደደ፤ አልጠቀመውም። ቀጥሎ ማስፈራሪያ አቆመ፤ አንበሶቹ በአንድ ቀን ተላመዱት። አንድ ሌሊት ግን የእጅ ባትሪ ይዞ በበረቱ ዙሪያ ሲመላለስ አንበሶቹ እንዳልቀረቡ አስተዋለ። ስለዚህ በ11 ዓመቱ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ፣ ከሞተር ብስክሌት ፍሬቻ መሣሪያና ከተሰበረ የእጅ ባትሪ አምፖል፣ በየተራ ብልጭ የሚሉ መብራቶች ሠራ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 በካሊፎርኒያ በተደረገው የቴድ ጉባኤም ይህንኑ ተናገረ። አንበሳው የፈራው መብራቱን አልነበረም፤ መብራት ይዞ የሚዞረውን፣ ያልተኛውን ሰው ነው። ሌባም እንዲሁ ነው።

አሁን ግን ወደ አንድ ከባድ ነገር እንገባለን። ሀብቱ የተነካበት ሰው ሲቈጣ ማስጠንቀቂያውን ወደ ወጥመድ ይለውጠዋል። ሹል ብረት በሣር ይሸፍናል፤ ቀጭን ሽቦ በአንገት ቁመት ይዘረጋል፤ ከሁሉም የከፋው፣ ከቤቱ የ220 ቮልት መሥመር ሽቦ ስቦ ከአጥሩ ጋር ያያይዛል። ይህ ጥበቃ አይደለም፤ የማያይና የማይለይ ገዳይ ማቆም ነው። በሌሊት ወደ ቅጥራችን የሚመጣው ማን እንደ ሆነ እስኪ እናስብ። ምጥ የያዛት ጎረቤት ባል ለእርዳታ ሊጠራን ይመጣል፤ መርዶ ነጋሪ ይመጣል፤ የራሳችን ልጅ ለሽንት ይወጣል፤ አባወራውም ማሕሌት ቆሞ ከቤተ ክርስቲያን በጨለማ ይመለሳል። ጣሳው ለእነዚህ ሁሉ ይጮኻል እንጂ አይገድልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ከሕጉ ይልቅ የሚከብደው ግን ለበሬ ብሎ የጎረቤቱን ልጅ የቀበረ ሰው የሚኖረው ቀሪ ዕድሜ ነው።

ስለዚህ ደንብ ይኑር። ሲባጎው ዋናውን የደጅ መንገድ አያቋርጥ፤ የመጣ ሰው በበሩ ቆሞ ይጣራ፤ ይህም ለጎረቤት ሁሉ ይነገር። ደወሉ በጮኸ ጊዜ አባወራው በጨለማ ብቻውን አይውጣ፤ አስቀድሞ መብራት ያብራ፤ ከውስጥ ሆኖ «ማን ነው?» ይበል፤ ጎረቤቱንም ይጥራ። በቀድሞው ዘመን ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ ነገር ግን አውጫጭኝ ከብቱ ከሄደ በኋላ የሚደረግ ነው። ጎረቤት ከጥፋቱ በፊት እንዲደርስ ምልክቱ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፦ ሦስት ጊዜ የሚመታ ቆርቆሮ፣ ወይም ስልክ፣ ወይም ኡኡታ። ዘወትር በከንቱ የሚጮኽ ጣሳም ያልመጣውን ቀበሮ «መጣ» እያለ እንደ ጮኸው እረኛ ነው፤ በመጨረሻ የሚሰማው አያገኝም። ስለዚህ ነፋስ የሚያስጮኸው ሲባጎ በዕለቱ ይስተካከል፤ ማታ ማታም በሩ ሲዘጋ ይፈተሽ።

ይህን ያነበበ አባወራ ሥራውን በጨረሰበት ምሽት ለጎረቤቱ ነግሮ ሲባጎውን ራሱ ይሳበው። ጣሳው ይጮኻል፤ ውሻውም ይነሣል። ከዚያ በኋላ የጎረቤቱ በር ተከፍቶ መብራቱ እስኪታይ ድረስ ቆሞ ይጠብቅ። ጎረቤቱ ፈጥኖ ከደረሰ ቡና ይፈላ፤ ከዘገየ ግን አጥሩን ከማጥበቁ በፊት ጉርብትናውን ያጥብቅ።