የሚያረጀው የትኛው ነው?

(ድምፅ፦ የበገና ድርደራ፣ ሙሉ ድምፁን ይዞ፣ 15 ሰከንድ)

ተራኪ፦ የሰማችሁት በገና ነው። ይኸው ድርደራ የጆሮ ትራሱ ባለቀ ሄድፎን ሲሰማ ምን እንደሚመስል ደግሞ እናሰማችሁ።

(ድምፅ፦ ያው ድርደራ፣ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ 15 ሰከንድ)

ተራኪ፦ ከአውታሩ ሥር የምትገባዋ ቁርበት የምትፈጥረው እዝታ አለ፤ እንዲያውም ጎልቷል። የጠፋው ከሥር የነበረው ጥልቀት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ሄድፎኔ አርጅቷል፣ ድምፁ ሞቷል» ብሎ አዲስ ለመግዛት ይነሳል። ሆኖም ድምፁን የሚያወጣው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ያረጀው ሌላ ነው።

ሄድፎን ተፈትቶ ሲታይ ውስጡ ብዙ ነገር የለውም። ማግኔት አለ፤ አጠገቡ ቀጭን የሽቦ ጥቅልል አለ፤ ጥቅልሉ የተጣበቀበት፣ ከፀጉር የሳሳ የፕላስቲክ ገለፈት አለ። በጥቅልሉ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ማግኔቱ ይስበዋል፣ ይገፋዋል፤ ገለፈቱ አብሮ ይርገበገባል፤ አየሩም ድምፅ ሆኖ ጆሯችን ይደርሳል። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ አንድ ወፍራም ድምፅ ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢሰማ ገለፈቱ 360 ሺህ ጊዜ ተመላልሷል ማለት ነው።

ይህን ያህል የሠራ ነገር እንዴት አይደክምም? የሚንቀሳቀስበት ርቀት እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ፕላስቲኩም እየተጣጠፈ እንዳይሰነጠቅ ታስቦ የተመረጠ ስለሆነ ነው። ዛሬ በአብዛኛው ሄድፎን ውስጥ ያለው የኒዮዲሚየም ማግኔትም ከ80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ካልጋለ ጉልበቱን ለአሥርት ዓመታት ይዞ ይቆያል። ገለፈቱን የሚጎዳው ዕድሜ ሳይሆን ከልክ ያለፈ ድምፅ፣ እርጥበትና መውደቅ ነው።

(ሙዚቃ፣ አጭር)

ተራኪ፦ ወደ ትራሱ እንመለስ። ጆሮን ከብቦ የሚቀመጠው ለስላሳ ክብ ለምቾት ብቻ የተሠራ ይመስላል። ዋና ሥራው ግን አየር ማገድ ነው። ወፍራም ድምፅ፣ ሰው ቤዝ የሚለው፣ በሄድፎኑና በጆሮ መካከል የታመቀ አየር ይፈልጋል። አየሩ በትንሽ ክፍተት ከሾለከ ቤዙ አብሮት ይሄዳል። ቀጭኑ ድምፅ ግን እንዳለ ይቀራል።

የትራሱ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው። ፖሊዩሬቴንን የሚያፈርሰው እርጥበት ነው፤ የላብ ብቻ ሳይሆን የአየሩም ጭምር። መጀመሪያ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ጥቁር ቅርፊቱ እየተነሳ ጉንጭና ጆሮ ላይ ይለጠፋል። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ ማንም ያላደረገው ሄድፎን እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1979 ዎክማንን ለገበያ ሲያቀርብ አብራው የወጣችው ቀላል ሄድፎን የስፖንጅ ትራስ ነበራት። ዛሬ ያን ዘመን ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ሲከፍቱት ስፖንጁ በጣታቸው መካከል ይፈረፈራል፤ ትራሱ ሲተካ ግን ሄድፎኗ መዝፈኗን ትቀጥላለች።

የእናንተ ሄድፎን ችግር ከዚህ ይሁን ከሌላ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሙዚቃ ክፈቱና ሁለቱን ጎን በመዳፋችሁ ወደ ጆሯችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ቤዙ ከተመለሰ የሚለወጠው ትራሱ ብቻ ነው።

ጆሮ ውስጥ የሚገባው ኢርፎን ትራስ የለውም፤ የእሱ ጠላት ኩክ ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩዋት። ቀዳዳዎቿ በቢጫ ነገር ተደፍነው ከሆነ ድምፁ መዳከሙ፣ አንዱ ጎን ከሌላው ማነሱ አያስገርምም። ወንፊቷን ወደ ታች ደፍቶ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል። በመርፌ መውጋት ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ከውስጥ ያለውን ገለፈትም ሊበሳ ይችላል። ጫፉ ላይ የሚጠለቀው ጎማ ግን ተነቅሎ በሳሙናና በውኃ ቢታጠብ፣ በደንብ ደርቆ ቢመለስ ጉዳት የለውም።

(ድምፅ፦ የዘፈን ቅንጭብ፤ መሣሪያዎቹ እየተሰሙ የዘፋኙ ድምፅ ይጠፋል)

ተራኪ፦ ዘፋኙ ወዴት ሄደ? ይህ ብልሽት ያጋጠመው ሰው ብዙ ነው፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በተለመደው የኢርፎን ገመድ ውስጥ አንድ ሽቦ ለቀኝ፣ አንድ ለግራ፣ አንድ ደግሞ ለሁለቱም የጋራ መመለሻ ሆኖ ይሄዳል። ገመዱ ከጃኩ አጠገብ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ኖሮ የጋራው ሽቦ ከተበጠሰ፣ ሁለቱ ጎኖች የሚያሰሙት በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ይሆናል። የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱም በኩል እኩል ስለተቀዳ ይጣፋል። ክራሩ ወይም ጊታሩ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ይቀራል። ሰው ዘፈኑን ወይም ስልኩን ይወቅሳል፤ ጥፋተኛው ግን ጣት የማታህል የገመድ ቁራጭ ነው። ጥሩ ጠጋኝ ቆርጦ አዲስ ጃክ ይበይድበታል።

ይህን ፕሮግራም በስልካችሁ ሬዲዮ የምትከታተሉ ደግሞ ሌላ ምልክት አላችሁ። ብዙ ስልክ ኢርፎን ካልተሰካበት ሬዲዮ አልከፍትም የሚለው ገመዱን አንቴና አድርጎ ስለሚጠቀምበት ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚያልፍ ገመድ ሞገዱን ለመያዝ ይበቃዋል። ድሮ ጥርት ብሎ ይገባ የነበረ ጣቢያ እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ቤት ውስጥ መንሿሿት ከጀመረ ገመዱንም ጠርጥሩ።

ገመድ አልባዎቹ ከገመዱ ጣጣ ነፃ ናቸው። የሚገድላቸው ባትሪ ነው። ሊቲየም ባትሪ ከ500 ያህል ሙሉ ቻርጅ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። ድምፁ አይበላሽም፤ አንድ ቻርጅ የሚቆይበት ጊዜ ግን ያጥራል። ብዙዎቹ በሙጫ ታሽገው ስለሚሠሩ ባትሪ መቀየር ከባድ ነው፤ ድምፅ የሚያወጣው ክፍላቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ይጣላሉ። ይህ የዕድሜ ሳይሆን የአሠራር ጉድለት ነው፤ አምራቾችም ሊጠየቁበት ይገባል ብለን እናምናለን።

(ሙዚቃ ዝግ ብሎ ይገባና ይወጣል)

ተራኪ፦ አንድ የቀረ አለ፤ እሱም ጆሮ ነው። ወጣት ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል። ዕድሜ ሲገፋ ቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 35 ዓመት የሆነ ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች ከልክ ባለፈ ድምፅ የተነሳ የመስማት አቅማቸውን ለማጣት ተጋልጠዋል ይላል። በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ማዳመጥ ይቻላል፤ በ90 ዴሲቤል ግን 4 ሰዓት ብቻ።

ትራሱ አልቆ፣ ወንፊቱ ተደፍኖ የቀነሰውን ድምፅ መጨመሪያ ቁልፉን በመጫን ለማካካስ መሞከር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። የሄድፎኑ ቤዝ አይመለስም፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን በርትቶ ጆሮን ይመታል። እናም አድማጮቻችን፣ ድምፁ ሲቀንስባችሁ ከመጨመራችሁ በፊት ወንፊቱን ጥረጉ፣ ትራሱን ተጫኑ፣ ገመዱን ፈትሹ። ያለቀው ክፍል ይለወጣል፤ ለጆሯችሁ ግን መለዋወጫ የለም።